ሙሽራው ሾላ ላይ ነው

(ንጋት፤ ሰው በማይኖርበት የተከዜ ቆላ፣ ወንዙ ዳር፤ አዲሱ ሙሽራ ባያብል ጋቢ ተከናንቦ ሾላ ዛፍ ላይ ወጥቷል፣ አንደኛ ሚዜው ጌጡ ከሥሩ ቆሟል፣ ሙሽራዋ አትጠገብ ራቅ ብሎ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ዚፑን ዘግታ ተቀምጣለች፣ አንድ ጉማሬም ከውኃው ውስጥ ብቅ ብሎ ሁሉንም ያያል።)

ጌጡ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምልህ፤ ውረድ!

ባያብል፦ እኔም ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምመልስልህ፤ አልወርድም! መጀመሪያ እሱ ይሂድ።

ጌጡ፦ እሱ የት ይሂድ? ቤቱ እኮ ነው።

ባያብል፦ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

ጌጡ፦ ዛፍ ላይ የሰፈረ ሙሽራ አይቶ ስለማያውቅ ነው። እኔም አይቼ አላውቅም።

ባያብል፦ ያንተ ጥርስ እንደ እሱ አይደለማ! ሲያዛጋ አላየኸውም? አፉ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከነዕቃው ያድራል።

ጌጡ፦ ስማ ባያብል፣ ቀልዱን ተወው። አትጠገብ በቅሎ ጫንልኝ ብላኛለች። ፀሐይዋ ከገደሉ ወርዳ ውኃውን ስትነካ እንነሣለን። ወደ እናቷ ቤት።

ባያብል፦ እንነሣለን? አንተ ደግሞ ወዴት? የኔ ሚዜ አይደለህም እንዴ?

ጌጡ፦ ያንተ ሚዜ የነበርኩት እናቷ ደጃፍ እስክንደርስ ነው። እዚያ ሁለቱንም እጄን ይዘው "ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟ አንተ ነህ፤ ቢከፋት መልሰህ የምታመጣልኝም አንተ ነህ" ሲሉኝ፣ አንተ አጠገቤ ቆመህ ጥርስህን ስታሳይ ነበር። መስቀል ስሜ ምያለሁ።

ባያብል፦ ወግ ነዋ! የማይምል ሚዜ የት አለ? እስቲ ከማሉት ውስጥ ሙሽሪት መልሶ የወሰደ አንድ ጥራልኝ።

ጌጡ፦ የሌሎቹ ሙሽራ ዛፍ ላይ አልወጣም።

ባያብል፦ አብሮ አደግህ ነኝ እኮ! አንድ ደብተር ተካፍለን የተማርን!

ጌጡ፦ አንተም አብሮ አደጌ ነህ፣ እሷም እህቴ ናት። "ወንድም ጥላ" ብላ ስም ያወጣችልኝ ለጨዋታ መሰለህ?

ባያብል፦ እሺ፤ እስቲ ጥፋቴን ንገረኝ። ምን አደረግሁ?

ጌጡ፦ ምን አደረግሁ ይላል! ጎሕ ሲቀድ ጉማሬው ከግጦሹ ሲመለስ ድንኳኑን በአፍንጫው ገፋው። ሚስትህ ውስጥ ነበረች። አንተ የት ነበርክ?

ባያብል፦ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኜ ነገሩን ማጥናት ነበረብኝ።

ጌጡ፦ ጋቢውን ከላይዋ ላይ ገፍፈህ?

ባያብል፦ አልገፈፍኩም! እግሬ ላይ ተጠምጥሞ አብሮኝ ወጣ።

ጌጡ፦ አሁን ግን ራስህ ላይ ነው የማየው።

ባያብል፦ እዚህ ላይ ይነፍሳል።

ጌጡ፦ በተከዜ ቆላ በረደኝ ያለ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። ሠርጉ ላይ "አንበሳው ሙሽራችን" እያሉ ሲያወድሱህ አንገትህን ስትሰብቅ ያየሁህ ያው አንተ ነህ?

ባያብል፦ አንበሳም እኮ ሲቸግረው ዛፍ ይወጣል።

ጌጡ፦ ያ ነብር ነው።

ባያብል፦ እንግዲያው ነብር ይበሉኝ፤ ምን ቸገረኝ።

ጌጡ፦ ነብሯስ ድንኳን ውስጥ ናት። እኔ ከቋጥኙ ላይ፣ በቅሎዎቹ ካደሩበት ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። ጫማ እንኳ ሳታደርግ ወጣች፤ ድስቱን በግራ፣ ጭልፋውን በቀኝ። ያንን የሥጋ ክምር እንደ ጎረቤት ጥጃ ወደ ውኃው ነዳችው። ገብቶ እንኳ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አይቷታል፤ የሰደበችው ይመስል።

ባያብል፦ እኔም አይቻታለሁ።

ጌጡ፦ ምን አልክ ታዲያ?

ባያብል፦ ከላይ ሆኜ "በርቺ!" ብያታለሁ።

ጌጡ፦ እግዚኦ።

ባያብል፦ ሌላ ምን ልበል? ጭልፋው አንድ ነው!

ጌጡ፦ ለመሆኑ ድንኳኑን እዚያ ትከል ያለህ ማነው? በዚህም ሣር፣ በዚያም ሣር፣ መሐሉ ብቻ እንደ አውድማ የተደለደለ።

ባያብል፦ ድንጋይ የለው፣ እሾህ የለው! "እግዚአብሔር ለሙሽሮች ጠርጎ አዘጋጅቶልናል" ብዬ እኮ አመስግኜ ነው የተከልኩት።

ጌጡ፦ የጠረገው ጉማሬው ነው! መንገዱ ነው! ማታ ከወንዝ ወደ ሣር፣ ጧት ከሣር ወደ ወንዝ ሲመላለስበት የኖረ። አንተ እኮ የሰው አስፋልት መሐል ነው አልጋ የዘረጋኸው። መኪናው ሲመጣ ደግሞ ተቆጣህ።

ባያብል፦ አንተስ አብረኸን ነበርክ፤ ለምን አልተናገርክም?

ጌጡ፦ ሚዜ በሙሽራ አልጋ አዘረጋግ አይገባማ!

ባያብል፦ የፈረንጆቹ ፎቶ ላይ እኮ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚተክሉት። ወንዝ፣ ዛፍ፣ ድንኳን፣ ሁለት ሰው፣ ሳቅ።

ጌጡ፦ እነሱ ቀድመው ከጉማሬው ጋር ተነጋግረው ይሆናላ።

ባያብል፦ አንተ ትቀልዳለህ። ደባርቅ ቤታችን ውስጥ የጫጉላችን ጊዜ እንዴት እንደነበረ ታውቃለህ? አክስቴ በአንዱ ግድግዳ፣ ያጎቴ ሚስት በሌላው። ትንሽ ካስነጠስኩ "ይማርህ" የሚለኝ ሦስት ክፍል አልፎ ነው። "ሰው ወደሌለበት ልውሰድሽ፣ ብቻችንን እንሁን" ብላት ዓይኗ በራ።

ጌጡ፦ ብቻችንን ብለህ እኔን፣ ሁለት በቅሎና አንድ ጉማሬ ሰበሰብክ። በል አሁን መልእክቷን ስማ። "ሚስቱ እንድሆን ከፈለገ እንደ አዲስ ያስጠይቀኝ" ብላለች። "እንደ ደንቡ፤ በሽማግሌ።"

ባያብል፦ በሽማግሌ? እዚህ?

ጌጡ፦ እዚህ። የልጅቷ ወገን እኔ ነኝ። አንተ ሽማግሌ ላክ።

ባያብል፦ ማንን ልላክ? ከእኔ በላይ ያሉት እኮ ዝንጀሮዎች ናቸው!

ጌጡ፦ ያ ሽበታሙ አይከፋም። ካንተ ይልቅ የረጋ ነው።

ባያብል፦ ጌጡ፣ ዝንጀሮ ለሽምግልና ልላክ?

ጌጡ፦ ቢያንስ እሱ ዛፍ የወጣው ፈርቶ አይደለም።

ባያብል፦ እሺ! እሺ፣ ልኬአለሁ። አባቴ፣ እባክዎ ስለ እኔ ይናገሩልኝ። ይኸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቀጥል።

ጌጡ፦ እንዴት አደራችሁ አባቶቼ? አረፍ በሉ። አርፋችኋል ለካ። ምን እግር ጣላችሁ?

ባያብል፦ "ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው" ይላሉ።

ጌጡ፦ ልጃችሁስ የት አለ?

ባያብል፦ "ከበታቻችን ያለው ቅርንጫፍ ላይ ነው" ይላሉ።

ጌጡ፦ ሥራው ምንድን ነው?

ባያብል፦ "ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ውኃ የማይፈራ" ይላሉ።

ጌጡ፦ ውኃውን አይፈራም፤ ውኃው ውስጥ ያለውን ነው እንጂ። ጠባዩስ?

ባያብል፦ "ጭምት ነው፤ ከማንም ጋር አይጋጭም።"

ጌጡ፦ እሱን አይተናል። ዘር ማንዘሩስ?

ባያብል፦ "እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ከእኛ ጋር ምንም ዝምድና አላገኘንም" ይላሉ።

ጌጡ፦ አቆጣጠራቸው አጠራጠረኝ። በሉ አባቶች፣ ልጅቷን ጠይቄ እመለሳለሁ። በደንቡ ግን የመጀመሪያው ቀን መልስ እምቢታ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ባያብል፦ ደንቡን ዛሬ ዝለለው! ፀሐይዋ ገደሉን አጋምሳለች እኮ! ሂድ፣ ቶሎ በል! ጌጡ! አትንሾካሾክ፣ እኔም ልስማ! ዚፑን ከፈተችልህ? ወይስ በጨርቁ በኩል ነው የምታወሩት? ኧረ መልስ ስጠኝ፣ ሽማግሌዎቹ ሾላ መልቀም ጀመሩ!

ጌጡ፦ መጣሁ። አትጩህ፣ መጣሁ።

ባያብል፦ ምን አለች? የዝንጀሮውን ነገር ነገርካት?

ጌጡ፦ ነገርኳት። ሳቀች።

ባያብል፦ እሰይ! ከሳቀች አለቀ። በል በቅሎውን አራግፍ።

ጌጡ፦ ከዚያ አለቀሰች።

ባያብል፦ ምን?

ጌጡ፦ አለቀሰች ነው የምልህ። ነገሩ እኔም የመሰለኝ አይደለም ባያብል። "ዛፍ መውጣቱን እረሳዋለሁ፤ ሰው ይፈራል፣ እኔም ፈርቼ ነው የወጣሁት" አለች። ጋቢውንም "ይሙቀው" አለች።

ባያብል፦ ታዲያ ምኑ ነው ያስከፋት?

ጌጡ፦ ጸሎትህ።

ባያብል፦ ጸሎቴ?

ጌጡ፦ ከዛፉ ላይ ጮክ ብለህ ስትጸልይ ቃል ሳይቀር ሰምታሃለች።

ባያብል፦ ሰው ሲጨንቀው መጸለይ ነውር ሆነ?

ጌጡ፦ ማን ማንን ነበር የጠራኸው?

ባያብል፦ እኔ እንጃ! በዚያ ሰዓት የገዛ እግሬን ቁጠር ብትለኝ አላውቀውም።

ጌጡ፦ እሷ ግን ታውቃለች። እናትህን፣ ወለተ ሚካኤልን ጠራህ። አባትህን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገብረ ኢየሱስን። የነፍስ አባትህን። እኔን።

ባያብል፦ አየህ? ጠርቼሃለሁ!

ጌጡ፦ ጠርተኸኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ በቅሎዬን።

ባያብል፦ ቡሪት ታስራ ነዋ የነበረች! መሸሽ አትችልም፤ አሳዘነችኝ።

ጌጡ፦ ከዚያ አሜን አልክ።

ባያብል፦ አዎ።

ጌጡ፦ አሜን አልክ ባያብል።

ባያብል፦ ሰምቼሃለሁ።

ጌጡ፦ "በቅሎዋ ተጠርታ እኔ ቀረሁ" ነው የምትለው። "ሞት ፊቱ በቆመ ሰዓት፣ ልቡ ውስጥ ፈልጌ ራሴን አጣሁት" ነው የምትለው። እኔም እኮ በቅሎ የምጭነው ደስ ብሎኝ አይደለም።

ባያብል፦ አልረሳኋትም።

ጌጡ፦ ታዲያ?

ባያብል፦ ከሁሉም በፊት አፌ ላይ የመጣችው እሷ ነበረች። ልጠራት ስል ስሟን አጣሁት።

ጌጡ፦ ስሟን? አትጠገብ ነዋ!

ባያብል፦ እሱማ የዓለም ስሟ ነው! የክርስትና ስሟን ነው የማላውቀው! አትጠገብ ብዬ ብጸልይ ማንኛዋ እንደሆነች በምን ይታወቃል? በዚህ አገር ስንት አትጠገብ አለች! ጉማሬው የኔዋን ሊውጥ አፉን ከፍቶ፣ መልአኩ ጎንደር ወርዶ የሌላ ሰው አትጠገብ ሲያድን ቢውልስ?

ጌጡ፦ እና እንዳይሳሳት ብለህ ዘለልካት?

ባያብል፦ ስሟን እስካስታውስ ብዬ ነው። ከዚያ ለካ አላውቀውም። የማላውቀውን ሳስታውስ ጉማሬው ቀረበ፤ አሜን አልኩ።

ጌጡ፦ በቅሎዬስ? ክርስትና ተነሥታ ነው ወይ?

ባያብል፦ በቅሎ ያላት ያው አንድ ስም ነው፤ አያሳስትም!

ጌጡ፦ ሠርግህ ላይ ቄሱ ሲጠሯት አልሰማህም?

ባያብል፦ በሰማንያ እኮ ነው የተጋባነው፤ ቁርባኑን ከፋሲካ በኋላ ብለን። የት ልስማው?

ጌጡ፦ አጠገብህ ተኝታ የለም እንዴ? ምናለ ብትጠይቃት!

ባያብል፦ ጌጡ፣ የሴት ልጅ የክርስትና ስም ማነው ብሎ የሚጠይቅ ማን እንደሆነ አንተው ንገረኝ።

ጌጡ፦ ማነው?

ባያብል፦ አንተው በለው።

ጌጡ፦ ጠንቋይ።

ባያብል፦ ጠንቋይ! ገና ከእጄ ጎርሳ ሳትጨርስ "የክርስትና ስምሽ ማነው?" ብላት "ሊያስደግምብኝ ነው" ብትልስ? አክስቴ ከግድግዳው ወዲያ ብትሰማ በነጋታው ደባርቅ ሁሉ ያወራዋል።

ጌጡ፦ አማትህን መጠየቅ ነበረብህ።

ባያብል፦ አማቴን እኮ እስካሁን ከጫማቸው በላይ አይቻቸው አላውቅም።

ጌጡ፦ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ባያብል፦ ምኑን?

ጌጡ፦ ስሟን። እጄን ሲይዙኝ በጆሮዬ ነግረውኛል። "ስትታመም ጸልይላት" ብለው። ወንድም ነኛ።

ባያብል፦ ታውቀዋለህና ነው እስካሁን እዚህ የምታደርቀኝ? ንገረኝ! አሁኑኑ ከዚህ ሆኜ ጮክ ብዬ ልጥራት፣ ትስማኝ፣ በቅሎው ይራገፍ!

ጌጡ፦ አልነግርህም።

ባያብል፦ ጌጡ!

ጌጡ፦ የተነገረኝ ለእኔ ነው። ደግሞስ እኔ ሹክ ብዬህ ብትጠራት ምን ዋጋ አለው? ፈተና ላይ እንደ መኮረጅ ነው። እሷ ሞኝ መሰለችህ?

ባያብል፦ አሥር ዓመት ስንኮርጅ የት ነበርክ?

ጌጡ፦ ያኔ አልማልኩም።

ባያብል፦ ወለተ ነው የሚጀምረው? ይህን እንኳ ንገረኝ።

ጌጡ፦ የግማሹ አገር ሴት ወለተ ነው የሚጀምረው።

ባያብል፦ ወለተ ጊዮርጊስ? ወለተ ኪዳን? ፊትህን ወደዚህ አዙር። ወለተ ሩፋኤል? ዓይንህ ተርገበገበ!

ጌጡ፦ ትንኝ ገብቶብኝ ነው።

ባያብል፦ ሩፋኤል ናት! አይደለችም? አመተ ማርያም? ኧረ ራስህን እንኳ ነቅንቅልኝ!

ጌጡ፦ ባያብል፣ ፀሐይዋን እያት።

ባያብል፦ ደረሰች?

ጌጡ፦ ጉማሬው ጆሮ ላይ ናት።

ባያብል፦ ቆይ። ቆይ፣ በቅሎዋን አትፍታ። ዝም በል፤ ሽማግሌዎቹም ዝም ይበሉ። ጌታዬ ሆይ፣ ቅድም አሜን ያልኩት ሳልጨርስ ነው፤ ይቅር በለኝ። አንዲት ቀርታለች። ክርስትና ስትነሣ አንተ እዚያ ነበርክ፣ ስሟን ታውቀዋለህ። እኔ የማውቀውን ልንገርህ። እዚያ ድንኳን ውስጥ ያለችው ናት። ስትስቅ አፏን በእጇ የምትይዘው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከበቅሎዋ ወርዳ "አንቺም ደክሞሻል" ብላ በእግሯ የመጣችው። ትናንት ማታ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ "ቤታችን እዚህ ቢሆን" ያለችው። እኔም ሞኙ የጉማሬውን መንገድ ሳላይ እሺ ያልኳት። ድስት ይዛ የወጣችው እሷ ናት፤ እኔን ልታድን። እዚህ ላይ ሆኜ የጎደለኝ አንድ ስሟ ብቻ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ይዤው ነበር የወጣሁት። ጠብቅልኝ። ከእናቴም በፊት አድርጋት፤ እናቴ ትረዳኛለች። ቦታ ከጠበበም በቅሎዋን ብታወጣት አልቀየምም።

ጌጡ፦ በቅሎዬን ተዋት!

ባያብል፦ በቅሎዋም ትኑር። አሜን።

ጌጡ፦ አሜን።

ባያብል፦ ሰማችኝ?

ጌጡ፦ ጉማሬው እንኳ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ሰምቶሃል።

ባያብል፦ ሂድ ታዲያ! ለምን እንዳልጠራኋት ንገራት። የመልአኩን ነገር አስረዳት፣ ጠንቋዩንም አትርሳ። ሂድ! ጌጡ፣ ምን አለች? ለምንድን ነው ያጎነበስከው? ትከሻህ ለምን ይነቃነቃል? ታለቅሳለህ ወይስ ትስቃለህ? ኧረ በሞቴ!

ጌጡ፦ መጣሁ። በስመ አብ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ።

ባያብል፦ እየሄደች ነው?

ጌጡ፦ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ "ወንድም ጥላ፣ እኔም እኮ ድስቱን ስመታ እየጸለይኩ ነበር" አለችኝ።

ባያብል፦ ተመስገን! ስለ ማን?

ጌጡ፦ ስለ እናቷ። ስለ እህቶቿ። ስለ እኔ፤ ስሜን ቅዳሴ ላይ ሰምታው ኖሯል።

ባያብል፦ እሺ።

ጌጡ፦ ስለ ቡሪትም።

ባያብል፦ እሺ፣ ስለ እኔስ?

ጌጡ፦ "ለመሆኑ የክርስትና ስሙ ማን ነው?" ትልሃለች።

ባያብል፦ አልጠራችኝም?

ጌጡ፦ "መጠየቅ አፈርኩ፤ ሌላ ነገር እንዳይመስለው" ነው የምትለው። አሁን ጆሮዋን ዚፑ ላይ አድርጋ እየጠበቀች ነው። በል እዚያው ሆነህ ጮክ ብለህ ንገራት።

ባያብል፦ ዝንጀሮና ጉማሬ እየሰማ? ዞር በል ከሥሬ፤ ወርጄ በጆሮዋ ነው የምነግራት።